የማይጠወልግ አበባ፦ ስለ ማስቀረትና ስለ መልቀቅ



የክረምቱ ዝናም ሲያባራ፣ ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራም ድፍርስነታቸውን መተው ሲጀምሩ፣ የደብረ ታቦር ዙሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልኩን ይለውጣል። በእርሻው ድንበር፣ በአጥሩ ሥር፣ በመንገዱ ዳር፣ በመቃብሩም ላይ ሳይቀር አደይ አበባ ቢጫ ምንጣፉን ይዘረጋል። ልጃገረዶች እቅፍ እቅፉን ይዘው በየደጁ እየዞሩ አዲሱን ዓመት ያበሥሩበታል፤ ወንዶች ልጆች አበባ በወረቀት ላይ ሥለው ለጎረቤት ያድላሉ፤ የመስቀል ደመራም በዚሁ አበባ አጊጦ ይለኮሳል። ከዚያ በኋላ የሚቆየው ጥቂት ሳምንታት ነው። ጥቅምት ገብቶ ብርዱ ሲጠና አደይ ይጠወልጋል፣ ይደርቃል። ይሁንና ማንም አያለቅስለትም፤ በሚቀጥለው መስከረም እንደሚመለስ ሁሉ ያውቃልና።

ሰው ግን እንደ አደይ በየዓመቱ አይመለስም። ዛሬ የምንነጋገርበት ጥያቄም የሚነሣው ከዚህ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአገልግሎት ወደ ደብረ ታቦር በሄድንበት ጊዜ አንዲት እናት አንድ የተማሪ ደብተር በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ። ደብተሩ ሲገለጥ በመካከሉ ተጫጭኖ የደረቀ አንድ ዘለላ አደይ አበባ ነበር። የ16 ዓመት ልጃቸው በአዲስ ዓመት ማለዳ ከአጥሩ ጥግ ቆርጣ በገዛ እጅዋ ያኖረችው ነው። አበባው ደርቆ ሳያበቃ እርሷ ታመመች፤ ኅዳር ሳይገባም ተቀበረች። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሟ የሙሽሮችን አበባ አድርቀው መስተዋት በሚመስል ጥርት ያለ ነገር ውስጥ የሚያኖሩ ወጣቶችን አይቶ ኖሮ፣ «እማዬ፣ አበባዋን ላኪልኝና ለዘለዓለም እንዳትበላሽ አድርጌ ላሠራልሽ» ብሎ ልኮባቸዋል። ልጆችን ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ አንዲት ጎረቤት ደግሞ፣ «የሞተውን ለእግዚአብሔር መልቀቅ ነው እንጂ ይህማ ጣዖት እንደ ማቆም ነው» ብለው አስደንግጠዋቸዋል። እናቲቱም በሁለቱ መካከል ተይዘው፣ «አባ፣ አበባዋን ባስቀር ልጄን አላሳርፍ ማለቴ ይሆን? ብተዋትስ ረሳኋት ማለት አይሆንብኝም?» ሲሉ ጠየቁን።

እኛም ሌላ ቤት ይጠብቀን ስለ ነበር፣ «ግድ የለም እናቴ፣ ያሠሩት» ብለን ባርከን ሄድን። በወረታ በኩል ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ግን መልሳችን ለጥያቄው እንደማይመጥን ተሰማን። ጥያቄው ስለ አንድ ዘለላ አበባ ብቻ አልነበረም። የምንወደውን ነገር ማስቀረት መቼ ፍቅር ይሆናል? መቼስ ፍቅርን ያስራል? በችኮላ የዘለልነውን በዚህ ጽሑፍ ተመልሰን ልናስበው ወደድን።

ሥራው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ ስለ ሥራው ራሱ ጥቂት እንበል፤ በማያውቁት ነገር ላይ መፍረድ ከእውነት ያርቃልና።

አበባን በእንዲህ ዓይነት መንገድ ለማቆየት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ፈጽሞ ማድረቅ አለበት። አንዳንዱ በወረቀት መካከል አድርጎ ከባድ ነገር ይጭንበትና ለሳምንታት ይተወዋል፤ አንዳንዱ ነፋስ በሚገባበት ጨለማ ስፍራ ወደ ታች ዘቅዝቆ ይሰቅለዋል፤ ቅርጹ እንዲጠበቅ የሚፈልግ ደግሞ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል በሚባል ጠጠር ውስጥ ይቀብረዋል። አደይ የሚያብበው መሬቱ ገና ውኃ ባዘለበት፣ አየሩም ገና በረጠበበት ወራት ስለሆነ ሳይደርቅ የመሻገት ዕድሉ ብዙ ነው። ጥቂት እርጥበት እንኳ ቢቀር ከታሸገ በኋላ አበባው ይጠቁራል፣ ዙሪያውም ይደፈርሳል።

ከዚህ በኋላ ሬዚን የሚባለው ፈሳሽ ይመጣል። በብዛት የሚሠራበት ኤፖክሲ የተባለው ዓይነት ሁለት ፈሳሾች አሉት፤ አንዱ ሬዚኑ ራሱ ሲሆን ሌላው ማጠንከሪያው ነው። ሁለቱ በተወሰነላቸው ልክ ተለክተው በዝግታ ይማሰላሉ። ሲዋሐዱ ከራሳቸው ሙቀት ስለሚያወጡ በአንድ ጊዜ በብዛት ቢፈሱ አበባውን ያቃጥሉታል፤ ስለዚህ በስሱ አንድ ድርብ ይፈስሳል፣ እስኪረጋም ይጠበቃል፣ ከዚያም ሌላው ይደረባል። ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በደብረ ታቦር ብርድ ይህ ፈሳሽ ይወፍራል፣ ለመጠንከርም ይዘገያል፤ በውስጡ የተያዘችው የአየር አረፋም በቀላሉ አትወጣም። ገና ያልጠነከረ ኤፖክሲ ቆዳን ሊያስቆጣ ስለሚችል ሠራተኛው ጓንት ማጥለቅና መስኮት መክፈት ይገባዋል። ሌሎች ደግሞ አክሪሊክ ከሚባለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ በተሠራ ሣጥን ወይም በሁለት ገበታዎች መካከል አበባውን ያኖሩታል።

ኤፖክሲ አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ ቀልጦ ወደ ቀድሞው ፈሳሽነቱ አይመለስም። እንዲህም ሆኖ ዘለዓለማዊ አይደለም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ውሎ አድሮ ወደ ቢጫነት ይለወጣል፣ የአበባውም ቀለም ይደበዝዛል። እንግዲህ ወንድምየው በቅን ልብ የተናገረው «ለዘለዓለም» የሚለው ቃል ከሥራው አቅም በላይ መሆኑን ከወዲሁ ልብ እንበል።

ሙጫና ቁስል

ነገሩ በስሙ አዲስ ይመስላል እንጂ ሥሩ ጥንታዊ ነው። ዛፍ የሚያወጣውን ሬዚን እኛ ሙጫ እንለዋለን። በመተማና በቋራ ቆላ የዕጣን ዛፍ ቅርፊቱ ሲፋቅ ከተፋቀው ስፍራ ነጭ ሙጫ ያነባል። ዛፉ ይህን የሚያደርገው ለእኛ ቅዳሴ አስቦ አይደለም፤ ቁስሉን ለመዝጋት ነው። ሰው ያን የደረቀ ዕንባ ለቅሞ በጥና ላይ ያደርገዋል፤ ሙጫውም በእሳት ላይ ራሱን ጨርሶ መዓዛ ይሆናል።

ሳይቃጠል የቀረ ሙጫም አለ። በሰሜን ሸዋ በዓለም ከተማ አካባቢ ከመሬት ውስጥ አምበር የሚባል፣ በብዙ ዘመን ብዛት ድንጋይ የመሰለ የጥንት ዛፍ ሙጫ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሊቃውንት ስለ እርሱ ባወጡት ጥናት በውስጡ ጉንዳንና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ተይዘው እንደሚገኙ ገልጠዋል። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት ይሆናል ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ ኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ አድርጎታል። ያች ጉንዳን የዛፉ ቁስል ሲደርቅ በመንገድ ላይ የተገኘች ናት። ዛፉ ራሱን ሲያክም እርሷን አስቀረ።

ይህን ስናስብ የእኚያ እናት ነገር ተገለጠልን። አበባውን በሙጫ ማሸግ የፈለጉት አበባ ስለ ጎደላቸው አይደለም፤ አጥራቸው በየመስከረሙ በአበባ ይሞላል። ሊዘጉት የፈለጉት ቁስል ነበረ። ስለዚህ ማንም ሰው፣ መምህርም ቢሆን ካህን፣ እንዲህ ያለውን ፍላጎት ሊያቃልለው ወይም ጣዖት ብሎ ሊሰድበው አይገባም። ይሁን እንጂ የተዘጋ ቁስል ሁሉ የዳነ አለመሆኑን ከብት ያረባ ሁሉ ያውቃል። ላዩ ደርቆ ውስጡ የሚያመረቅዝ አለ። ጥያቄው እንግዲህ «ቁስሉ ተዘጋ ወይ?» የሚል ብቻ ሳይሆን «ውስጡስ ጠገገ ወይ?» የሚል ነው።

ማስቀረት ኀጢአት ነውን?

አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ብዙ ነገር ታስቀራለች። የቅዱሳንን ዐፅም ታከብራለች፣ የብራና መጻሕፍትን በጥንቃቄ ትጠብቃለች፣ የሰማዕታትን ልብስና ሰንሰለት ታኖራለች። ሰው ሥጋና ነፍስ ነውና የሚዳሰስ ምልክት ይፈልጋል፤ የሚዳሰሰውን ሁሉ የሚንቅ መንፈሳዊነት ቃል ሥጋ መሆኑን የዘነጋ መንፈሳዊነት ነው።

ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ልክ አበጅታለታለች። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የሬሳ ማቃጠል ልማድ ባለበት ስለሚኖሩ ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ ባወጣው መመሪያ የሙታን አመድ በጌጣጌጥ ወይም በመታሰቢያ ዕቃ መልክ ተሠርቶ እንዲቀመጥ አልፈቀደም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሰው ሥጋ ትንሣኤን የሚጠብቅ እንጂ የቤት ጌጥ አይደለም። አበባ ግን ሥጋ አይደለም። የሟችዋን እጅ ያስታውሳል እንጂ ራሷን አይተካም። ልዩነቱን ካወቅን አበባውን ማስቀረት በራሱ በደል የለበትም።

በደል የሚገባው ምልክቱ የምልክቱን ባለቤት ሲተካ ነው። ጣዖት ማለት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ወደ ሌላ ሊያሳየን የተሰጠን ነገር በራሱ ላይ ዓይናችንን ሲያስቀር ጣዖት ይሆናል። ስለዚህ አንድ መታሰቢያ ስናይ ልንጠይቅ የሚገባን ስለ ዕድሜው አይደለም፤ ልባችንን ወዴት እንደሚመራ ነው።

መታሰቢያ ያለ ዕቃ ሊቆም እንደሚችልም ከራሳችን ታሪክ እንማራለን። በጎጃም የተወለዱት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1855 በእስራት ሳሉ ዐረፉ። የተቀበሩበት ስፍራ ዛሬ በውል ተለይቶ አይታወቅም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ተብለው በቤተ ክርስቲያን ታወጁ፤ መቃብራቸው ቢጠፋም የመሰከሩት ምስክርነት አልጠፋም። እንግዲህ ዐፅም ቢገኝ ይከበራል፤ ባይገኝ ግን ፍቅር የሚቆምበት አያጣም።

የታደለው ቀረ

ስለ ደረቀ አበባ በምንናገርበት ጊዜ የደብረ ታቦር አካባቢ አንድ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 በዓድዋ እስኪሞት ድረስ አብዛኛውን ዕድሜውን በዚህ አገር አሳልፏል። በ1860ዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ባለ እጆችን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ባሠሩበት በጋፋትና በደብረ ታቦር አካባቢ ሳለም ዕፀዋትን ይሰበስብ ነበር። አሠራሩ እናቲቱ በያዙት ደብተር ውስጥ ካየነው ብዙም አይለይም፤ አበባውን ከነቅጠሉ በወረቀት መካከል ተጭኖ ያደርቃል፣ የተገኘበትንም ስፍራና ቀን ይጽፍበታል። ልዩነቱ ከአንዱ ተክል ብዙ ቅርንጫፍ እየወሰደ ለብዙ ከተሞች እንዲታደል ማድረጉ ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 የበርሊኑ የዕፀዋት ቤተ መዘክር በጦርነቱ የአየር ድብደባ ሲቃጠል በውስጡ ከነበረው አብዛኛው አመድ ሆነ፤ ከሺምፐር ስብስብም በዚያ የነበረው ብዙው አብሮ ጠፋ። በጥንቃቄ የተቀመጠ ነገርም ይቃጠላል ማለት ነው። ነገር ግን የእነዚያው ተክሎች እህትማማች ቅርንጫፎች ለፓሪስ፣ ለለንደንና ለሌሎችም ከተሞች ታድለው ስለ ነበር ከእሳቱ ተርፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር ተዘጋጅቶ በ2009 በ8 ቅጾች የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ አዘጋጆችም ሺምፐርን ከመሰሉ የቀድሞ ሰብሳቢዎች የቀረውን መርምረዋል።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። በአንድ ቤት የተቆለፈው ከቤቱ ጋር ጠፋ፤ ለብዙዎች የታደለው ቀረ።

አባቶቻችንም ይህን ምስጢር በሌላ መንገድ ያውቁት ነበር። የሞተባቸውን ሰው ያስቀሩት በመስተዋት ውስጥ አልነበረም፤ በተዝካር ነበር። በአርባው፣ በሰማንያው፣ በዓመቱ ጠላና እንጀራ ቀርቦ ድሃው ይጠግባል፣ የሟቹም ስም በጸሎት ይጠራል። ተዝካር ከአቅም በላይ ሲደገስና ባለ ሐዘኑን ዕዳ ውስጥ ሲከት መታረም እንዳለበት እናውቃለን። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ ሙት የሚዘከረው በስሙ አንድ ነገር ሲሰጥ ነው።

በታቦር ተራራ ላይ

ደብረ ታቦር ስሟን የወሰደችው ትውፊት ጌታ ክብሩን ገለጠበት ከሚለው ተራራ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ችቦ የምናበራለት በዓል ይኸው ነው። በዚያ ተራራ ላይ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። የጌታ ፊት እንደ ፀሐይ በበራ ጊዜ፣ ሙሴና ኤልያስም በተገለጡ ጊዜ፣ ጴጥሮስ በዚያ መሆን መልካም ነው ብሎ ሦስት ዳስ ሊሠራ ጠየቀ።

የጴጥሮስ ጥያቄ የእናቲቱ ጥያቄ ነው። ያየው ውበት እንዳያልፍበት ፈራ፤ ስለዚህ ሊያጥርለት፣ ሊከድንለት፣ ሊያስቀረው ፈለገ። ጌታ ስለዚህ አልገሠጸውም። ዳሱን ግን አላሠራውም። ደመና መጣ፣ ድምፅ ተሰማ፣ ሐዋርያቱ ዓይናቸውን ባነሡ ጊዜ ከኢየሱስ በቀር ማንንም አላዩም። ከዚያም ከተራራው ወረዱ፤ በግርጌውም አንድ አባት የታመመ ልጁን ይዞ ይጠብቅ ነበር።

ይህን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዳሱ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ የተራራው ብርሃን በዳሱ ውስጥ አይቀርም ነበር፤ የታመመው ልጅ ግን ከተራራው ግርጌ ሳይፈወስ ይቀር ነበር። ብርሃኑ የተሰጠው ለመውረድ የሚያበቃ ኀይል እንዲሆን ነው። ያየነውን ፍቅር በእውነት ያስቀረነው በዳስ ሳይሆን ከታች በሚጠብቀን ሰው ላይ ባደረግነው ምሕረት ነው።

ጴጥሮስ ራሱ ይህን ኋላ የተረዳው ይመስለናል። በሸመገለ ጊዜ በሁለተኛው መልእክቱ ስለዚያ ቅዱስ ተራራ ሲያስታውስ፣ ሊሠራው ስለ ፈለገው ዳስ አላነሣም፤ ይልቁንም የገዛ ሥጋውን በድንኳን መስሎ በቅርቡ እንደሚለየው ይናገራል። በመጀመሪያው መልእክቱም የማይጠወልግ ነገር እንዳለ ጽፏል፤ እርሱ ግን በእጅ የሚሠራ አይደለም፤ በሰማይ የተጠበቀልን ርስት ነው። ዳስ መሥራት የፈለገው ሰው የማይጠወልገውን ከሚጠወልገው መለየት የተማረው ከተራራው ከወረደ በኋላ ነው።

ሣጥኑ

ወደ እናቲቱ እንመለስ። በሚቀጥለው ጉዞአችን ወደ ቤታቸው ገብተን የቀድሞው መልሳችን የችኮላ እንደ ነበረ ነገርናቸው። አበባው በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። መዳፍ የምታህል ጥርት ያለች ክብ ነገር ናት፤ ቅጠሎቹ በጥቂቱ ጠቁረዋል፣ በግንዱም አጠገብ አንዲት አረፋ ቀርታለች። እናቲቱ በጣታቸው አረፋዋን እያሳዩን፣ «ትንፋሿ ይመስለኛል» አሉን። እኛም ዝም አልን፤ ለዚህ ቃል መልስ አልነበረንምና።

ቆይተን ግን፣ «እናቴ፣ ከአበባው ሌላ ያስቀሩት ምን አለ?» ብለን ጠየቅን። ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ በጓዳው ጥግ የተቆለፈ የእንጨት ሣጥን አሳዩን። የልጅቱ መጻሕፍት፣ ጋቢዋ፣ ብርድ ልብሷ፣ ጫማዋ፣ ሁሉም በዚያ ነበር። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም። በዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ ከፋርጣ ገጠር የመጡ ሁለት ልጃገረዶች አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማሩ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው ቤት ተሸክመው የሚመጡ፣ ሌሊቱን በአንድ ስስ ብርድ ልብስ የሚያሳልፉ፣ አንዱን መጽሐፍ በየተራ የሚያነቡ ናቸው።

በዚያች ሰዓት ጥያቄው የት እንደ ነበረ ተገለጠልን። አበባው ማንንም አልጎዳም። አበባው የታሸገው ለማንም ሌላ ስለማይጠቅም ነው፤ ሣጥኑ ግን የተቆለፈው በብርድ በምትንቀጠቀጥ ልጅ ላይ ነበር። ያቺ ጎረቤት አበባውን ጣዖት ብለው ሲቃወሙ፣ እኛም ግድ የለም ብለን ስንባርክ፣ ሁላችንም ያየነው አበባውን ብቻ ነበር። ሣጥኑን ማንም አላየውም።

ክፈቱት ብለን አላዘዝንም። ሐዘን የራሱ ጊዜ አለው፤ ቁስል በግድ ሲከፈት ይደማል። ስለ ተራራውና ስለ ታመመው ልጅ ጥቂት ተናግረን፣ ስለ ሟችዋ ጸልየን ወጣን።

ለመምህራን ጥቂት ምክር

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት እነዚህን 3 ነገሮች አብራችሁት አስቡ።

1. የሚቀረው ነገር እውነቱን ይናገራል ወይስ ይሸፍናል? የደረቀ አበባ የደረቀ መሆኑን ካወቅን እውነተኛ ምስክር ነው፤ እንዳልሞተ ካስመሰልነው ግን ራሳችንን እናታልላለን። ለሐዘንተኛ «ለዘለዓለም» ብላችሁ የማይሆን ተስፋ አትስጡ። የዘለዓለም ተስፋ ያለው በትንሣኤው ነው።

2. የሚቀረው ነገር ለሌላ ሰው ይጠቅም ነበርን? ለማንም የማይጠቅመውን ትንሽ ነገር ማስቀረት መጽናኛ ነው፤ ለተራበ ወይም ለበረደው የሚሆነውን መቆለፍ ግን የፍቅርን ስም ይዞ ፍቅርን ይከለክላል።

3. ሥራውስ በልክ ነውን? አበባ ቢተው አፈር ይሆናል፤ እነዚህ ፕላስቲኮች ግን እንደ አበባ አይበሰብሱም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው የጋራ ቤታችንን እንድንጠብቅ አሳስበውናል። አንድ መታሰቢያ ለአንድ ሐዘን ይበቃል፤ ሁሉን ነገር ማሸግ ግን ስግብግብነት ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን አስቀድማችሁ ስሙ። ያዘነ ሰው ስለ አበባ ሲጠይቃችሁ ብዙ ጊዜ የሚጠይቃችሁ ስለ ሣጥን ነው።

በዚህ ዓመት መስከረም ደብረ ታቦርን ዳግመኛ ስናልፍ ከእናቲቱ ደጅ ቆምን። ከተከራዮቹ ልጃገረዶች አንዷ ጋቢ ተከናንባ በደጃፉ ተቀምጣ መጽሐፍ ታነብ ነበር። ጋቢውን አወቅነው፤ በሣጥኑ ውስጥ አይተነው ነበርና። እናቲቱ ዓይናችን የት እንዳረፈ አይተው፣ «መጻሕፍቱንም ሰጥቻቸዋለሁ። ጫማዋን ግን አባ፣ ገና አልቻልኩም» አሉን። እኛም «ይቆይ እናቴ፤ ለእርሱም ቀን አለው» አልናቸው።

ያች የታሸገች አበባ በመደርደሪያው ላይ ናት፤ ቢጫዋ ካየናት ጊዜ ይልቅ ደብዝዟል። ከእርሷ ጋር በአንድ አጥር ሥር በቅለው ማንም ያልቆረጣቸው አበቦች ግን በጊዜያቸው ደርቀው፣ ዘራቸው በየስፍራው ወድቋል። በዚያን ማለዳ አጥሩ እንደ ገና ቢጫ ሆኖ ነበር። ሁለቱ ልጃገረዶች ከዚያው ጥግ እቅፍ ሙሉ ቆርጠው ነበርና፣ ለእናቲቱ ሰጥተው ለእኛም አንድ ዘለላ ደረሰን። እስከ ባሕር ዳር ይዘነው መጣን፤ በማግሥቱ ጠወለገ። አላስቀረነውም።

የሁላችን አባት የሆነ እግዚአብሔር ያንቀላፉትን ያሳርፍልን፤ የቀረነውንም በእጃችን የያዝነውን በጊዜው ለመስጠት ብርታት ያድለን። አሜን።